የዋንዛው ፒያኖ

«ዛሬ እኮ የሊቺ ልጅ በኢንተርኔት ፒያኖ ልትጫወት ነው፤ ዓለም ሁሉ ያያታል አሉ።»

ይህን ያለችው ፈትለወርቅ ናት። ከዲሪቤ ስፌት ቤት ቀጥሎ ካለው ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር እያስመዘነች፣ ለባለሱቁ ነው የነገረችው። ዲሪቤ በረንዳው ላይ በተንጠለጠሉት የተማሪ ዩኒፎርሞች ተከልላ መቀመጧን አላየችም። ብታያት ኖሮ ምላሷን ትቆርጥ ነበር እንጂ አትናገረውም፤ ጎረቤት ናት፣ ክፉ ሴትም አይደለችም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። የዲሪቤ እግር ግን የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ደረቀ። ኮሌታ ልትገጥምለት የነበረው ሰማያዊ ሸሚዝ መርፌው እንደተሰካበት ቀረ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ መቱ ከተማ ውስጥ «የሊቺ ልጅ» የሚለውን ቃል እሷ እየሰማች የተናገረ ሰው አልነበረም። ሊቺ የባሏ የጭምዴሳ ታናሽ እህት ናት፤ ከመቱ ብዙ በማትርቀው ቡሬ አግብታ አራት ሴቶች በላይ በላዩ ወለደች። ዲሪቤ ደግሞ አሥር ዓመት በትዳር ኖራ አንድም አልወለደችም። ስለዚህ ሦስተኛዋ ልጅ ኢሊሊ አራት ዓመት ሲሞላት፣ ሽማግሌ ተቀምጦና ተመርቆ፣ በጉዲፈቻ ለአጎቷ ቤት ተሰጠች። ሰጪዋ «ልጄ» ብላ ላትጠራት፣ ተቀባይዋም «የሰው ልጅ» ብላ ላታስባት በሽማግሌዎቹ ፊት ማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሊቺን «አዳዳ» ትላታለች፣ በኦሮምኛ የአባቴ እህት ማለት ነው፤ ዲሪቤን «አዮ» ትላታለች፣ እናቴ። ሊቺ መሐላዋን አንድም ቀን አላፈረሰችም። ለበዓል ስትመጣ ልጅቷን እንደ ማንኛዋም ዘመድ ሁለት ጊዜ ስማ፣ ያመጣችውን ሙዝ አስቀምጣ፣ ወደ ጥግ ትቀመጣለች። ዲሪቤን የሚያቃጥላትም ይኸው ነው። አንድ ቀን ጥፋት ብታጠፋ፣ አንድ ቀን ልጅቷን ጠጋ አድርጋ ብታንሾካሹክ፣ ዲሪቤ ተጣልታት፣ የልቧን ተናግራ፣ እፎይ ባለች ነበር። ከማያጠፋ ሰው ጋር ግን በምን ይጣሏል?

ከሁሉ የባሰው ስልኳ ውስጥ ያለው መልእክት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ ኢሊሊ ከአዲስ አበባ የላከችው። ልጅቷ እዚያ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የወጣት ፒያኖ ተጫዋቾች ውድድር አለባት፤ ውድድሩም ከአዳራሹ በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል። «አዮ፣ ሊንኩ ይኸውልሽ» ይላል መልእክቱ። «ለአዳዳም አሁኑኑ ላኪላት፤ አዲሱን ቁጥሯን እኔ የለኝም። ሁለተኛው ዙር ላይ የምጫወተውን እሷ እንድትሰማው በጣም እፈልጋለሁ። እባክሽ አዮ፣ እንዳትረሺ።» ዲሪቤ አምስት ጊዜ አነበበችው። እሷን «ስሚልኝ» አላለቻትም። እናት አትለመንም፣ መስማቷ የታወቀ ነው፣ ለዚያ ነው ያላለቻት፤ ይህን ዲሪቤም ታውቀዋለች። ግን ቅናት ያወቁትን ያስረሳል። ያ «እባክሽ» የሚለው ቃል አንጀቷ ላይ ተቀመጠ። ማስተላለፊያዋን ቀስት ሁለት ጊዜ በጣቷ ነክታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። መጀመሪያ ኔትወርኩ ይሻሻል አለች። ቀጥላ ስፌት ቤቱን ልክፈት፣ ከዚያ እልካለሁ አለች። አሁን የፈትለወርቅን ቃል ስትሰማ ግን ምክንያት መደርደሩን ተወችው። የሊቺ ልጅ ከሆነች ሊቺ ራሷ ትፈልጋት አለች በልቧ፤ ስልኳንም አጥፍታ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

ፈትለወርቅ ስኳሯን ይዛ ዞር ስትል ከዩኒፎርሞቹ ኋላ አየቻትና ፊቷ ቀላ። ወዲያው ግን ሳቅ ብላ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ ስማችንን አስጠራችው አለቻት። ዲሪቤም ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ነይና አብረን እናያለን፣ በስምንት ሰዓት ነው አለቻት። ከዚያ ሸሚዙን ሳትጨርስ ስፌት ቤቱን ዘግታ ገበያ ወጣች። ቲማቲም ኪሎው ሰባ ብር ገብቷል። አንድ ደርዘን ዳቦና ስድስት ለስላሳ ገዛች፤ ሌላ ቀን በእግሯ የምትሄደውን መንገድም በባጃጅ ሄደች፣ የእንግዳ ቀን ነውና።

ቤታቸው ከሆስፒታሉ በስተጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍልና ጓዳ፣ ግድግዳው አረንጓዴ፣ ጣሪያው ዝናብ ሲመታው ሰው የማያነጋግር ቆርቆሮ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የጭምዴሳ የእጅ ሥራ ነው፤ አናጢ ነው። አግዳሚ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የብርጭቆ መደርደሪያው። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ ርዝመቱ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል የዋንዛ ጣውላ ግድግዳውን ተደግፎ በጎኑ ተጋድሟል። ኢሊሊ አሥር ዓመቷ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከመዘምራኑ አሰልጣኝ ከጉቱ ኪቦርድ መማር ስትጀምር፣ ቤት ውስጥ የምትለማመድበት መሣሪያ አልነበረም፤ መግዛትም የማይታሰብ ነበር። ጭምዴሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ኪቦርዱን በሜትር ለክቶ መጣና በዋንዛው ላይ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቀረጸ። ነጮቹን በቀለም፣ ጥቁሮቹን በጫማ ቀለም ቀባ። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያንን ጣውላ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ትመታው ነበር። ድምፅ የለውም፤ ጣት እንጨት ሲነካ ብቻ ይሰማል። ዲሪቤ አጠገቧ ተቀምጣ የልብስ ቁልፍ እየተከለች ስትመታ ታያት ነበር። ዜማውን አታውቀውም፤ እጆቿን ግን ከፊቷ ይልቅ ታውቃቸዋለች። አሁንም ጣውላውን በጨርቅ ወለወለችና እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ከመደርደሪያው ሥር ወደ በሩ ትይዩ አወጣችው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ጭምዴሳ ነው፤ ከኋላው ሊቺ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፌስታል ሙዝ፣ በጀሪካን ማር ይዛ፣ የቡሬ መንገድ አቧራ ጫማዋ ላይ እንዳለ። ጭምዴሳ ትናንት ደውሎ ጠርቷት ኖሯል። ብቻዋን ቡሬ ተቀምጣ ምን ታያለች፣ እዚያ ኔትወርኩም አስቸጋሪ ነው፣ አብረን እንይ ብዬ ነው አለ፤ ለሚስቱ ለምን እንዳልነገራት ግን አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችው። ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ። ሊቺ እንደ ሁልጊዜው፣ እትዬ ዲሪቤ እንደምን ከረሙ፣ እርስዎ ደህና ነዎት አለቻት። «እርስዎ» ትላታለች፣ የታላቅ ወንድሟ ሚስት ናትና። እሱም ያናድዳል። ዲሪቤ ማሩን ተቀብላ ጓዳ ገባችና ጀሪካኑን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ሳትልክላት የቀረችው መልእክት ጡቷ ሥር ሞቀባት። አሁን ልንገራት፣ «ኢሊሊ ልካልሽ ነበር» ልበላት ብላ ልትወጣ አለች። ደግሞስ መጥታለች፣ ታየዋለች፣ ምን ቀረባት? ማን ያውቅብኛል? ማሩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችና ዳቦ ይዛ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ጉቱ የቤተ ክርስቲያኑን ላፕቶፕ ታቅፎ መጣ፤ ፈትለወርቅም ተከተለች። ኢንተርኔቱ ከዲሪቤ ስልክ ነው። ጉቱ ሊንኩን ስልኬ ላይ ላኩልኝ ሲላት፣ ዲሪቤ ጠዋት ሁሉ አልታዘዝ ያላትን ያቺን ቀስት በአንድ ጊዜ ነክታ ላከችለት። አንድ ሰኮንድ አልፈጀም። ቀና ስትል ሊቺ የጣውላውን ቁልፎች እያየች ነበር። እጇን ዘርግታ ልትነካው አለችና የሰው ዕቃ እንደሆነ ሁሉ መልሳ ሰበሰበችው።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ኢሊሊ መድረክ ላይ ወጣች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ቀሚሱን ዲሪቤ ናት ሰፍታ ከመናኸሪያ በሰው እጅ የላከችላት፤ እጅጌው ለመጫወት እንዳያስቸግር ከክርኗ ከፍ አድርጋ ቆርጣዋለች። ይህን ለሁሉም ነገረቻቸው። የመጀመሪያው ዙር የግዴታ ነው፤ ተወዳዳሪ ሁሉ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዓይነት ረጅም ሙዚቃ ይጫወታል። አንዱ ካሜራ ከላይ ሆኖ እጆቿን ብቻ ያሳያል። ጉቱ በየመሐሉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ጭምዴሳ ትንፋሹን ውጦ አገጩን በመዳፉ ይዟል። ፈትለወርቅ ጣቶቿን እዩልኝ፣ እንዴት ያሉ ረጃጅም ናቸው፣ እነዚህን ጣቶች ከየት አመጣቻቸው አለችና፣ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሊቺ እጆች ሄደ። ሰው ሁሉ አብሮ አየ። ሊቺ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ዲሪቤ የራሷን አጫጭር፣ በመርፌ የተበሳሱ ጣቶች ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ሊቺ መደበቋ ራሱ አበሸቃት። ምን አስደበቃት፤ ሰውን የሚያስቀና ነገር እንዳላት አውቃ አይደል?

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ አስተዋዋቂው፣ አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከተወለደበት አካባቢ አንድ ዜማ መርጦ በራሱ አቀናባሪነት ያቀርባል አለ። ኢሊሊ ተቀመጠች፣ እጆቿን አነሳች፣ እና ድምፁ ጠፋ። ምስሉ አለ፤ ጣቶቿ ይሮጣሉ፤ ድምፅ ግን የለም። ጉቱ ላፕቶፑን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አደረገ፣ አንዱን ነካ ሌላውን ነካ። ከምስሉ ጎን ከየአገሩ የሚያዩት ሰዎች «ድምፅ የለም»፣ «ድምፁን አስተካክሉ» እያሉ ይጽፋሉ። ጥፋቱ ከዚያው ከአዳራሹ ነው፣ እኛ የምናደርገው የለም አለ ጉቱ። ጭምዴሳ ጭንቅላቱን ያዘ። ሊቺ ወደ ላፕቶፑ አንድ ጊዜ ጠጋ ብላ መልሳ ወንበሯን ያዘች።

ዲሪቤ ግን እጆቹን አወቀቻቸው። በግራ እጅ ሦስት ጊዜ ዝቅ ያለ ምት፣ በቀኝ እጅ እንደሚሸሽ ሰው ሩጫ፣ እንደገና ሦስት ምት። ይህ እኮ ኢሊሊ ጣውላው ላይ ከሁሉ አብዝታ የምትመታው ነው። ዝናብ ሲዘንብ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ስትናደድም ደስ ሲላትም፣ ይህችኑ ነበር።

«አሁን ታቆማለች» አለች ዲሪቤ። «ሁለቱንም እጆቿን አንስታ፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር ታደርጋለች። እዩዋት።»

ኢሊሊ አቆመች። እጆቿን አነሳች፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር አደረገች። ፈትለወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። ዲሪቤ፣ አሁን በግራ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሩጫው ይመለሳል አለች፤ ሆነ። አሁን ቀኝ እጇ በግራው ላይ ያልፋል አለች፤ አለፈ። ለሰው ሁሉ ጭር ያለው ሙዚቃ ለእሷ ብቻ ተከፍቶ ነበር። ጉቱ እንኳ፣ አስተማሪዋ፣ ላፕቶፑን ትቶ የዲሪቤን አፍ ያይ ጀመር። በዚያች ሰዓት ዲሪቤ ዞራ ሊቺን አየቻት፤ ያየቻትም ሆን ብላ ነው። አየሽ፣ ስምንት ዓመት አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ጣቷን አንቺ ብትሰጪያትም የጣቷን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ ማለቷ ነበር። ልቧ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

ድምፁ ያኔ ተመለሰ። ዜማው ድንገት ክፍሉን ሞላው፤ ቀላል ዜማ ነው፣ ከኋላ እየተከተለ የሚያባርር ዓይነት። ከመጀመሪያው ሦስት ምት ጋር ሊቺ ከወንበሯ ጠርዝ ላይ በዝግታ ማዜም ጀመረች። በኦሮምኛ ነው፤ ጫካው የእናንተ፣ በቆሎው የእኔ፣ እያለ ይሄዳል። የምታዜም መሆኗንም ያወቀችው አይመስልም። ኢሊሊ እጆቿን ስታነሳ ሊቺም ዝም አለች፤ አንገቷንም ወደ ቀኝ ሰበር አደረገች፤ ልክ እንደ ልጅቷ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለችውና ወንበሩ ላይ ያለችው አንድ ላይ አዳመጡ። ከዚያም አንድ ላይ ቀጠሉ።

ሙዚቃው አልቆ አዳራሹ ሲያጨበጭብ ይህ የምን ዘፈን ነው ብላ የጠየቀችው ፈትለወርቅ ናት። ሊቺ ባነነች፤ ያጠፋች ይመስል ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «የበቆሎ ጥበቃ ነው» አለች። «ዘፈንም አይባል፣ ራሴ ያወጣሁት ነው። የማሳው ማማ ላይ ወጥተን፣ ጭኔ ላይ አስቀምጫት፣ ጦጣ ስንጠብቅ እንለው ነበር። እዚህ ጋ ዝም የሚባለው ጦጣዎቹ ገብተው እንደሆን ለማድመጥ ነው። አራት ዓመቷ ነበር እኮ። ታስታውሰዋለች ብዬ አላሰብኩም።»

ጉቱ፣ እኔ ጋ መትታው አታውቅም፣ ኪቦርዱ ላይ አንድ ቀን እንኳ፣ ዛሬ ገና መስማቴ ነው አለ። ያለው ለመደነቅ ነው፤ ዲሪቤን ግን እንደ ጥፊ አገኛት። ዓይኗ ጣውላው ላይ ሄዶ ቀረ። ድምፅ ባለው መሣሪያ ላይ ያልተመታው ዜማ ስምንት ዓመት በእሷ ሳሎን፣ በእሷ ፊት፣ ድምፅ በሌለው እንጨት ላይ ሲመታ ኖሯል። ልጅቷ የሆነ ሰው እንዳይከፋው ተጠንቅቃ ነበር። ያ ሰው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ቁልፍ ሲተክል፣ ያ ዝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ፣ ቁጥር እየቆጠረች ነው ብሎ ያስብ ነበር። ቁጥር አልነበረም። ቡሬ፣ ማማ ላይ፣ ሊቺ ጭን ላይ ነበረች። ዲሪቤ ለስላሳ ልቅዳ ብላ ተነሳችና ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ ቀዳች።

ስልኳ ሲጠራ ጉቱ ፈጥኖ አነሳውና ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ለቀቀው። ኢሊሊ ናት፤ ውጤቱ ገና ነው፣ ድምፁ ተቋርጦ ነበር አሉኝ፣ አያችሁኝ ወይ እያለች እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ጭምዴሳ መረቃት፣ ጉቱ አመሰገናት። ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አዮ፣ ጠዋት የላክሁልሽን ለአዳዳ ላክሽላት? ስትሰማው ምን አለች?»

ጭምዴሳ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ፈትለወርቅ ብርጭቆዋን የምታይ መሰለች። ለዲሪቤ ውሸትም አልመጣላት፣ እውነትም አልመጣላት። ሊቺ ዲሪቤን አየቻት፤ ስታያት ሁሉንም ተረዳችው፤ መረዳቷም ፊቷ ላይ ታየ፣ የሆነ ነገር መጥቶ ሲያልፍ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ደርሶኛል ኢሊሊ» አለች። «አዮሽ ጠዋቱን ነው የላኩልኝ። ብቻዬን ማየቱ አላስችል ቢለኝ ተሳፍሬ መጣሁ። ዝም የምንልበትን አልረሳሽውም።»

«ልጄ» አላለቻትም። ዛሬ ብትላት ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አላለቻትም። ኢሊሊ አዳዳ፣ አዳዳ ብላ አለቀሰች፤ ቀጥላም አዮ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አውቄ ነበር አንቺ እንደማትረሺ አለች። ዲሪቤ እሺ የኔ ልጅ ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «እሺ» ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሊቺ፣ ላሜ ወልዳለች፣ ማደር አልችልም ብላ ተነሳች። ዲሪቤ ልሸኝሽ አለች። እስከ መናኸሪያው ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ረዳቱ ቡሬ፣ ቡሬ እያለ ይጮሃል። ዲሪቤ ይቅርታ የሚለውን ቃል አፏ ውስጥ ብዙ አገላበጠችው፤ ለባሏ እህት፣ «እርስዎ» ለምትላት ሴት፣ አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ሊቺ ተሳፍራ መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ ዲሪቤ ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣችና የጠዋቱን መልእክት ከፍታ ቀስቷን ነካች። ሊቺ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ የኢሊሊን ቃል አነበበችው፤ እሷ እንድትሰማው በጣም እፈልጋለሁ የሚለውን ሳይቀር። ማንበቡ ጊዜ ወሰደባት።

«እትዬ ዲሪቤ፣ ይህንን ጠዋት ልከውልኝ የለ እንዴ» አለች። «ሁለት ጊዜ ሆነ እኮ።»

ዲሪቤ ፊቷ ላይ ሽሙጥ ፈለገች፤ ቂም ፈለገች፤ የድል ፈገግታ እንኳ ፈለገች። ብታገኝ ይቀላት ነበር። አንዱም የለም። ሚኒባሱ ተነስቶ በአቧራው ውስጥ ሲጠፋ መናኸሪያው መሐል ቆማ ቀረች። ሊቺ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ስምንት ዓመት እየመታች ሳሎኗን ያደመቀችበትን ዜማም ሳታውቀው ሰጠቻት። ዛሬ ደግሞ፣ በሰው ፊት ልትዋረድ ስትል፣ ክብሯን ሰጠቻት። ባለባጃጁ እትዬ እንሂድ ሲላት ገብታ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ ይህቺ ሴት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ትንሽ ክፉ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት እያለች።